በጅማት የተለበጠ ደጋን በአብደራፊ ሙቀት እንዴት ይድረቅ?

አብደራፊ ላይ አንድን ነገር ማድረቅ ችግር ሆኖ አያውቅም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል፤ ጠዋት የታጠበ ጋቢ ከቀትር በፊት ታጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ የደጋኑን ጀርባ፣ ማለትም ከቀስተኛው ወዲያ የሚዞረውን ገጽ፣ በጅማት የለበጠ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቢሆን አይፈረድበትም። ነገር ግን እንዲህ ባለው አገር የተለበጠ ደጋን የሚበላሸው ሳይደርቅ ቀርቶ አይደለም፤ ቶሎ ደርቆ ነው። ይህ መመሪያ የቆመው በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ቆላ ላይ የሠሪው ሥራ ድርቀቱን ማዘግየት ነው። ጅማቱ የሚለጠፍበትን ወርና ሰዓት፣ ደጋኑ የሚሰቀልበትን ቦታ፣ ከመወጠሩ በፊት የሚጠበቀውን ጊዜ ሁሉ የሚወስነው ይኸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ፤ ጅማቱ ለምን አስፈለገ? በእኛ አገር ጅማት ከደጋን ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በአውታርነት ነው። ጥጥ ነዳፊው ባዘቶውን የሚያወጣው ደጋኑ ላይ በተወጠረው አውታር ነው፤ በገናም የሚደረደረው ከበግ አንጀት በተፈተለ አውታር ነው። የደጋን ጀርባ በጅማት መለበጥ ግን የአብደራፊም ሆነ የመተማና የቋራ ቆላ ልማድ አይደለም። ሄሮዶቱስ ከግብፅ በስተደቡብ ስለነበሩት ኢትዮጵያውያን ሲጽፍ፣ ከዘንባባ እንጨት የተሠራና ከአራት ክንድ የማያንስ ረጅም ደጋን ይይዙ እንደነበር ይናገራል፤ ስለ ጅማት ያነሳው ነገር የለም። ስለዚህ ጥያቄው እውነት አለው። ቁመትዎን የሚያህል፣ ጉጥ የሌለውና ቀጥ ያለ እንጨት ካገኙ ምንም ሳይለጥፉ ይሥሩት፤ ይህን ጽሑፍም እዚህ ላይ ማቆም ይችላሉ። ጅማት የሚያስፈልገው ደጋኑ አጭር ሲሆን ነው። እንጨት ከርዝመቱ አንድ በመቶ ያህል ሲለጠጥ ይሰበራል፤ ጅማት ግን ከ8 እስከ 10 በመቶ ሳይበጠስ ይለጠጣል። ደጋን ባጠረ ቁጥር ጀርባው የበለጠ ስለሚለጠጥ፣ ለባህል ስፖርት የቀስት ውድድር 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደጋን የሚሠራ ሰው ጀርባውን ለጅማት ቢያስረክብ ያዋጣዋል። ጅማቱም የከብት ይሁን። ከዱር እንስሳ ለማግኘት መሞከር አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ባለበት አገር ሕግ መጣስ ነው፤ የሚጨምረውም ጥቅም የለም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ትኩስ ጅማት ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። ደርቆ፣ ተቀጥቅጦ፣ ክር ክር ከሆነ በኋላም ለመለጠፍ እንደገና ሲነከርና ሙጫ ሲጠጣ ያንኑ ውኃ መልሶ ይይዛል። ውኃው ሲወጣ ጅማቱ በውፍረቱም በርዝመቱም ይኮማተራል፤ እንጨት ግን በርዝመቱ ይኮማተራል ለማለት አይቻልም። የሥራው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ጅማቱ ልሰብሰብ ይላል፣ እንጨቱ አልሰበሰብም ይላል፣ ከመካከላቸው ውጥረት ይፈጠርና የደጋኑ ጫፎች ወደ ጀርባ መቀልበስ ይጀምራሉ። ልባጡ እኩል ሲደርቅ ያ ውጥረት የደጋኑ ጉልበት ይሆናል፤ እኩል ካልደረቀ ደጋኑን የሚያፈርሰው እሱው ነው። የቀትር ሙቀትና ደረቅ ነፋስ ያገኘው ልባጥ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከላይ ይጠነክራል። ከሥሩ ያለው ጅማት ግን በአንድ ወገን እንጨቱ፣ በሌላው ወገን የደረቀው ገጽ ዘግተውበት እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ከሳምንታት በኋላ እሱም በተራው ሲኮማተር ላይኛው ገጽ አብሮት መሰብሰብ ስለማይችል ወይ በአግድም ይሰነጠቃል ወይ ጠርዙ ከእንጨቱ ይላቀቃል። ክፋቱ ደግሞ ይህ የሚታየው ደጋኑ ደርቋል ተብሎ አውታር ከገባበት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን ከተቀበሉ ወሩን መምረጥ አያስቸግርም። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት አይሆንም፤ የቆዳ ሙጫም ጅማትም ፕሮቲን ስለሆኑ በሞቃትና እርጥብ አየር አንድ ሁለት ቀን ሳይሞላቸው መሽተት ይጀምራሉ። ጥቅምት የሰሊጥ ወር ነው፤ ነዶው ቆሞ እስኪራገፍ ድረስ ለደጋን ጊዜ ያለው ሰው በአካባቢው አይገኝም። ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ያይላል። የሚቀረው ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ የለም፣ አየሩም ገና እንደ መጋቢቱ አልከረረም። በእንቁጣጣሽና በመስቀል ከሚታረደው ከብት የተሰበሰበ ጅማት እስከ ኅዳር ደርቆ ይደርሳል። ለደጋኑ የተጠረበው እንጨትም እንዲሁ ጊዜ ይፈልጋል። አየሩ 30 ዲግሪ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ሲኖረው እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 15 በመቶ ያህል ውኃ ይይዛል፤ እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ሲወርድ የሚይዘው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በክረምት የተጠረበ እንጨት ይህን ውኃ ሳይጥል ጅማት ቢለጠፍበት፣ ከላይም ከታችም የሚንቀሳቀስ ነገር ይዞ ይደርቃል። ጥቅምትን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይቆይ።

ጅማቱን ከኋላ እግር ቋንጃ ወይም ከሽንጥ ያውጡ። የቋንጃው ወፍራምና አጠር ያለ ነው፤ የሽንጡ ጠፍጣፋና ረጅም ስለሆነ ለላይኛው ንብር ይመረጣል። ሥጋውንና ስቡን በቢላ ፍቀው፣ ሳያጥፉ ዘርግተው፣ ጥላ ላይ ያድርቁት። ጨው አያስነኩት፤ ጨው በጅማቱ ውስጥ ቀርቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ሙጫውንም ያዳክማል። ሲደርቅ ለስላሳ ድንጋይ ላይ አኑረው በእንጨት መዶሻ ይቀጥቅጡት፤ ነጭ ክር ክር እያለ በጣት ይፈለፈላል። በሳሙና አጥበው፣ በንጹህ ውኃ አለቅልቀው እንደገና ያድርቁት፤ ስብ ያለበት ክር ሙጫ አይዝም። ለአንድ አጭር ደጋን 100 ግራም ገደማ የተፈለፈለ ጅማት ይበቃል። አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ያድርጉ፤ ጥርቡን ደጋን ለብቻ፣ ጅማቱን ለብቻ፣ የሚጠቀሙበትን ደረቅ ሙጫም ለብቻ በኩሽና ዲጂታል ሚዛን መዝነው ይጻፉ። ለምሳሌ ደጋኑ 450፣ ጅማቱ 100፣ ሙጫው 80 ግራም ቢሆን ድምሩ 630 ነው። ይህ ቁጥር በኋላ ከማንኛውም ግምት የተሻለ ዳኛ ይሆናል።

በዚህ አካባቢ ሙጫ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ከግራር የሚለቀመው ነው፤ መተማና ቋራ ከዕጣኑ ጋር እሱንም ያቀርባሉ። ለደጋን ግን አይሆንም፤ ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሆነ እንጨቱ በተጣጠፈ ቁጥር ይፈረካከሳል። ከሱቅ የሚገዛው ነጭ የእንጨት ኮላስ? ኮላው ለወንበርና ለጠረጴዛ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሙቀት ይለሰልሳል፣ ያለማቋረጥ ሲወጠርም ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ቀኑን ሙሉ በሚግል ቤት ውስጥ ተወጥሮ ለሚቀመጥ ነገር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የሚሆነው የቆዳ ሙጫ ነው። ፀጉሩ የተላጨ ጥሬ ቆዳ ቁርጥራጭ ውኃ ውስጥ አድርገው፣ ሳይንተከተክ ለሰዓታት አብስለው፣ አጥልለው፣ በስሱ አፍስሰው ያደርቁታል። ሲጠቀሙበት አንድ እጅ ደረቅ ሙጫ በሁለት እጅ ውኃ ነክረው ያሳድሩና፣ ጣሳውን የሞቀ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠው ያቅልጡት። ከ60 ዲግሪ በላይ አይሙቅ። ሙጫው ሲፈላ ጉልበቱን ያጣል፤ እርጥብ ጅማትም ከ60 ዲግሪ ካለፈ ሙጫ ውስጥ ሲገባ በአንድ አፍታ ተጨማዶ ይጠፋል። ጣትዎ የማይታገሠውን ሙጫ ጅማቱም አይታገሠውም።

የመለጠፊያው ሰዓት የቆላው ሰው ከሌላ አገር ሠሪ የሚለይበት ነው። የቆዳ ሙጫ የመጀመሪያ ጥንካሬውን የሚያገኘው በመድረቅ ሳይሆን በመቀዝቀዝ ነው፤ ከ30 ዲግሪ አካባቢ በታች ሲወርድ ይረጋል፣ ከዚያ በላይ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ቀትር ላይ የተለጠፈ ጅማት ስለዚህ አይረጋም፤ ላዩ በነፋስ እየደረቀ ውስጡ ይንሸራተታል። ጠዋት ይሻላል የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሙቀቱ ስለሚመለስ የረጋው መልሶ ይላላል። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ይጀምሩና ሌሊቱን ሙሉ ይቀዝቅዝ። ጀርባውን አስቀድመው በመጋዝ ጥርስ በቁመቱ ጫር ጫር አድርገው፣ በአመድ ውኃ አጥበው፣ ደርቆ ሲያበቃ ቀጠን ያለ ሙጫ ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ እንደ ወይራ ያለ ቅባታም እንጨት ከሆነ እጥበቱን ይድገሙት። ጫፎቹን ወደ ጀርባ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስበው በገመድ ይሰሯቸው። ጅማቱን በውኃ አርሰው፣ ጨምቀው፣ ሙጫ ውስጥ ነክረው፣ በሁለት ጣት መካከል እያለፉ ትርፉን ያውጡና ከወገቡ ወደ ጫፍ በቁመቱ ያስተኙት። የአንዱ ጭብጥ ጫፍ የሌላው መካከል ላይ ይዋል፤ ጫፎች አንድ ቦታ ከተገናኙ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይለፍ። ሦስት ሚሊ ሜትር ቢፈልጉ በሦስት ጊዜ ይለጥፉ፤ በአንድ ምሽት ሦስቱንም የሚጭን ሰው ከላይ የተናገርነውን ዝግ እርጥበት በገዛ እጁ ይሠራዋል።

ለጥፈው ሲጨርሱ በንጹህ የጥጥ ጥብጣብ ሳያጠብቁ ይጠቅልሉትና ያሳድሩ፤ በማግስቱ ጠዋት ይፍቱት፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይይዛል። ደጋኑን ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ በሁለት ገመድ አግድም ይስቀሉት። ግድግዳ ላይ አያስደግፉት፣ መሬት ላይም አያስተኙት፤ ምስጥ እንጨቱን፣ አይጥ ጅማቱን ይበላል። የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ካለ ከቆርቆሮ ቤት ይመረጣል። ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር የሚከማቸው ሙቀት እርጥብ ጅማት ከሚችለው ጋር ይቀራረባል፤ ከቆርቆሮ በቀር ከሌለ ደጋኑ ከጣሪያው ርቆ፣ ከደረት በታች ይሰቀል። ከበርና ከመስኮት ነፋስ ይራቅ። የውኃ እንስራው ወይም ጋኑ ያለበት ጥግ በቤቱ ውስጥ ካሉት ቦታዎች ሁሉ የተሻለ ነው፤ በዚያ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ድርቀቱም ይለዝባል። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ነጠላ ጣል አድርገው ይሸፍኑት፤ ጨርቁ ደጋኑን አይንካ። በየጠዋቱ ገልጠው ያሽትቱት። የቆዳ ሽታ የተለመደ ነው፤ የሚከረፋ ከሆነ ግን ማዘግየቱ ስለበዛ ነጠላውን አንስተው ነፋስ ያለበት ጥላ ውስጥ ያውሉት። ከሳምንት በኋላ ልባጡ ጥፍር ሲጫነው የማይቀበል ከሆነ ሁለተኛውን ንብር በዚያው ሥርዓት ይለጥፉ። ከመጨረሻው ንብር በኋላ የታሰሩትን ጫፎች ለሁለት ሳምንት አይፍቱ።

እዚህ ላይ ቋንጣ የሚነሳ ይመስለኛል። ሥጋው በሁለት ሦስት ቀን እየደረቀ ጅማቱ ሳምንታት ለምን ይፈልጋል? ቋንጣ በስሱ ተዘልዝሎ ሁለቱም ገጹ ለነፋስ ተሰጥቶ ነው የሚሰቀለው፤ ቢጨማደድም ማንም አያዝንለትም። ልባጡ ግን አንድ ገጹ እንጨት ላይ ተዘግቷል፣ ውኃው ከፊሉ ወደ እንጨቱ ገብቶ እንደገና በጅማቱ በኩል መውጣት አለበት፤ መጨማደዱም ዋናው ጉዳይ ነው። ሌላው ምክር ዘርና በርበሬ እንደሚሰቀለው ከምድጃ በላይ መስቀል ነው። ጭሱ ብልና ነቀዝ እንደሚያርቅ እውነት ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ከሆነ አልቃወምም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የምድጃው ሙቀት አንድ ወገንን ብቻ ያደርቃል፣ ጥቀርሻውም ቀጣዩ ንብር እንዳይዝ ያደርጋል። በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ የቱርክ ቀስት ሠሪዎች አንድ ደጋን ለመጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዱ ነበር የሚል አንባቢ ይኖራል። እነሱ የሚሠሩት ሆዱ ቀንድ፣ ጀርባው ወፍራም ጅማት የሆነ ደጋን ነበር፤ ኢስታንቡልም እንደ አብደራፊ ደረቅ አይደለችም። ሦስት ሚሊ ሜትር ጅማት ለለበሰ የእንጨት ደጋን ከመጨረሻው ንብር በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይበቃል። ይህ አየር ለጅማት ጭራሽ አይስማማም ብሎ መደምደምም ልክ አይሆንም። በ1922 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት የተሠሩ ደጋኖች በግብፅ ደረቅ አየር ከ3,000 ዓመት በላይ ቆይተው ተገኝተዋል። ጅማት ድርቀትን ይችላል፤ የማይችለው ድንገተኛውን ነው።

መድረቁን በቀን ቆጠራ አያረጋግጡ። በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ ቢቻል ጠዋት፣ ደጋኑን መዝነው ከመጀመሪያው ድምር ጋር ያስተያዩ። 630 ይሆናል የተባለው ደጋን 700 የሚመዝን ከሆነ ውስጡ ያለው 70 ግራም ውኃ ነው፤ ላዩ የቱንም ያህል ቢጠነክር አይመኑት። ጣሳው ውስጥ የቀረውን ሙጫና የተረፈውን ጅማት ከድምሩ መቀነስ እንዳይረሱ። ክብደቱ በሁለት ተከታታይ ሳምንት ካልተለወጠ ደርቋል ማለት ነው። ሚዛን የሌለው ሰው ጫፎቹን ከፈታ በኋላ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጀርባው በኩል ክር ወጥሮ፣ ክሩ ከወገቡ ምን ያህል እንደራቀ በማስመሪያ ይለካ፤ ጅማቱ እስኪደርቅ ድረስ ርቀቱ እያደገ ይሄዳል፣ ሲደርቅ ይቆማል። መልኩም ይናገራል። የደረቀ ልባጥ ብርሃን የሚያሳልፍ የማር መልክ ይይዛል፤ ነጣ ያለ ደመናማ ቦታ ካለ እርጥበት ወይም አየር አለበት። ጉንጭ ላይ ሲያስነኩት የሚቀዘቅዝ ቦታም ገና ውኃ እያተነነ ነው።

ክብደቱ ከቆመ በኋላ ወዲያው አውታር አያግቡ። ጅማቱና እንጨቱ ለሁለት ሦስት ሳምንት ያህል እርስ በርስ እየተደላደሉ ይቆያሉ፤ በዚህ ጊዜ በየቀኑ በእጅ ብቻ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየተጣጠፈ ይለማመድ። ጠርዝ ከተላቀቀ ቀጠን ያለ ሙቅ ሙጫ በስንጥቁ አስገብተው፣ ጠቅልለው፣ ሳምንት ይጠብቁ። የአግድም ስንጥቅ ከባድ ነው፤ በሙጫ ብቻ አይሞላም፣ ላዩ ላይ አዲስ የጅማት ንብር ይፈልጋል። የሸተተ ልባጥ ግን አይታከምም፤ በሙቅ ውኃ አርሰው ልጠው ይጣሉት፣ እንጨቱ ይተርፋል።

የመጨረሻው ሥራ ልባጡን ከክረምት መጠበቅ ነው። ሰሊጥ ዘይት በእጅ ያለ ስለሆነ ብዙዎች እሱን ሊቀቡ ይፈልጋሉ፤ ሰሊጥ ዘይት ግን በደንብ ስለማይደርቅ ገጹን ሲያጣብቅና አቧራ ሲሰበስብ ይኖራል። ሰምና ሞራ እኩል አቅልጠው፣ ለብ ሲል በጨርቅ ይሹት፤ ወይም ስስ የፍየል ሌጦ በዚያው ሙጫ አልብሰው፣ እሱ ሲደርቅ ሰሙን ከላይ ያድርጉ። ሰም እርጥበትን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ስለዚህ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ አውታሩን አውጥተው ደጋኑን አግድም ሰቅለው ያክርሙት፤ በሚያዝያ የከረረ ሙቀትም ቢሆን ወደ እንስራው ጥግ ይመልሱት፣ ከልክ በላይ የደረቀ ደጋን ሲሳብ ይሰበራልና። በኅዳር ሲያወርዱት መጀመሪያ ይመዝኑት። ደርቆ ሲያበቃ ከጻፉት ክብደት ከ10 ግራም በላይ ከጨመረ እስኪመለስ ድረስ አውታር አያግቡበት።